ቁናው በማን እጅ ነው?

በዓለም የሠራተኞች ቀን ዋዜማ ለወጣት ሠራተኞች የተደረገ ንግግር፤ ለንባብ እንዲመች ተስተካክሎ የቀረበ

እንደምን አመሻችሁ!

ከሥራ በቀጥታ የመጣችሁ ብዙ እንደሆናችሁ አያለሁ። ባጃቸውን ገና ከአንገታቸው ያላወለቁም አሉ። ሰውነታችሁ እረፍት እየጠየቀ እዚህ መጥታችሁ መቀመጣችሁን አከብራለሁ። ጊዜያችሁን በከንቱ አልወስድም።

ሜይዴይ ሲነሳ ወሬው ሁልጊዜ ከቺካጎ ይጀምራል። እ.ኤ.አ. ሜይ 1 ቀን 1886 የአሜሪካ ሠራተኞች የሥራ ቀን ስምንት ሰዓት ይሁን ብለው ሥራ አቆሙ። ከሦስት ቀን በኋላ ሄይማርኬት በሚባለው ስፍራ ቦምብ ፈነዳ። ማን እንደወረወረው ሳይታወቅ በሚቀጥለው ዓመት አራት ሰዎች ተሰቀሉ። በ1889 ፓሪስ ላይ የተሰበሰቡ ሶሻሊስቶች ቀኑ የዓለም ሠራተኞች ቀን እንዲሆን ወሰኑ። ይህን ታሪክ ብዙዎቻችሁ ሰምታችሁታል። እኔ ዛሬ ከአውድማ ልጀምር። ከዚህ በኋላ የምጠራቸው ዓመቶችም በእኛው አቆጣጠር ናቸው።

አያቴ ጭሰኛ ነበሩ። የሰው መሬት አርሰው፣ የሰው መሬት ላይ አርጅተው ነው ያለፉት። ልጅ ሆነን ስለ አውድማ ሲያወሩን እጃቸው አያርፍም ነበር። ጤፉ ተወቅቶ፣ በነፋስ ተለይቶ፣ ንጹሑ እህል መሐል ላይ ይከመራል። የባለመሬቱ ሰው ቁና ይዞ ይመጣል። እዚህ ላይ ሲደርሱ አያቴ በባዶ እጃቸው አየሩን መስፈር ይጀምራሉ። «ይህ ለጌታው፣ ይህ ለእኛ። ይህ ለጌታው፣ ይህ ለእኛ።» ከሞቱ ቆይተዋል፤ እጃቸው ግን አሁንም ይታየኛል።

ክፍያው እንደየአገሩ ይለያይ ነበር። የእኩል የሚያርስ ነበረ፤ ሲሶ የሚሰጥ ነበረ። በዚያ ላይ አሥራት አለ፣ በዚያ ላይ የጌታውን አጥር ማጠር፣ እህሉን ጎተራው ድረስ ማድረስ አለ። ግፍ ነበር። ግን አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። አያቴ የተወሰደባቸውን ያውቁታል። በዓይናቸው አይተውታል። ስንት ቁና እንደሄደ ቆጥረው ይነግሩን ነበር።

እናንተስ? ዛሬ ከሰፋችሁት፣ ከገጣጠማችሁት፣ ካሸጋችሁት ውስጥ ስንቱ ለእናንተ፣ ስንቱ ለሌላ ሰው እንደሄደ የሚነግረኝ አለ?

ማንም እጁን አላወጣም። አይገርምም። የፋብሪካ አውድማ አይታይም።

በምሳሌ ልሞክረው። አንዲት ልጅ በቀን ስምንት ሰዓት ሸሚዝ ትሰፋለች እንበል። ከሸሚዙ ሽያጭ ላይ የጨርቁን፣ የክሩን፣ የመብራቱን ዋጋ አውጡ። ማሽኑ በየቀኑ የሚያልቀውንም አውጡ። የቀረው እሷ በእጇ የጨመረችው ዋጋ ነው። በመጀመሪያዎቹ ሦስት ሰዓታት የጨመረችው የቀን ደመወዟን ሸፈነ እንበል። ታዲያ በአራተኛው ሰዓት ማሽኑን አጥፍታ ወደ ቤቷ ትሄዳለች? አትሄድም። አምስት ሰዓት ይቀራታል። የዚያ የአምስቱ ሰዓት ሥራ ነው ካርል ማርክስ ትርፍ እሴት ያለው። የእኛ ሰዎች ሲተረጉሙት የገባቸው ነገር ይህ ነበር፤ ጌታው ከአውድማ የሚያስጭነው ቁና ፋብሪካ ውስጥ ገብቶ ሰዓት ሆኗል። ፔሮሉ ላይ ስትፈርሙ ስምንቱም ሰዓት የተከፈላችሁ ይመስላል። ወረቀቱ ሦስቱን ከአምስቱ ለይቶ አያሳያችሁም።

«ባለሀብቱስ ገንዘቡን አውጥቶ፣ ብድር ተበድሮ፣ ኪሳራውን ችሎ የለም ወይ?» ትሉኝ ይሆናል። ጥሩ ጥያቄ ነው። ለዚህም ነው መጀመሪያ ማሽኑንም መብራቱንም ያወጣነው። እኔ የማወራው ከዚያ በኋላ ስለሚተርፈው ነው። እሱን ማን ይስፈረው? ስንቱ ለደመወዝ፣ ስንቱ ለአዲስ ማሽን፣ ስንቱ ለባለቤቱ ኪስ እንደሚሄድ ማን ይወስን? የመደብ ትግል የሚባለው ትልቅ ቃል ሲፈታ ይህ ነው። ቁናውን ማን ይያዝ የሚል ክርክር ነው።

ስለ ቃል ካነሳሁ አንድ ነገር ልጨምር። ወዛደር የሚለውን ቃል እወደዋለሁ። ወዝ ማለት ሰው ሲሠራ ፊቱ ላይ የሚያበራው ነው። ወዛደር፣ በወዙ የሚያድር። ላብአደር የሚልም ነበር። በአብዮቱ ጊዜ አንዱ ወገን ወዝአደር ሲል ሌላው ላብአደር ይል ነበር፤ በቃላቸው ብቻ ሰዎቹ የማን እንደሆኑ ይለዩ ነበር። በሁለቱ ቃላት መካከል ስንት ወጣት እንዳለቀ ሳስብ ያመኛል። ወደዚያ እመጣለሁ።

አሁን ወንጂ እንሂድ።

ኤች ቪ ኤ የሚባል የሆላንድ ኩባንያ ነበር። ኢንዶኔዥያ ውስጥ ትልልቅ የሸንኮራ እርሻ ነበረው። ኢንዶኔዥያ ነፃ ስትወጣ ሌላ አገር ፈለገ፤ እኛን አገኘ። በ1943 ከንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ጋር ተስማማ። በአዋሽ ዳር ያለው ሜዳ የጂሌ ኦሮሞ ከብት አርቢዎች ግጦሽ ነበር። እነሱ ከመሬቱ ተነሱ፤ ሸንኮራው ተተከለ። በ1946 ፋብሪካው ስኳር ማምረት ጀመረ። ከዚያ ወንጂ ሸዋ፣ ከዚያም የከረዩዎች አገር መተሐራ ተከተሉ።

ካፒታል አንድ ቦታ ሲያርፍ ሁለት ነገር ያደርጋል። መሬቱን ከሰው ይለያል፤ ከዚያ መሬት የሌለውን ሰው ይጠራል። ወንጂ ላይ ሁለቱም ሲሆን ይታያል። ከከምባታ፣ ከሐዲያ፣ ከወላይታ በየዓመቱ ሰው ለቆረጣ ይመጣ ነበር። አገዳው ከመቆረጡ በፊት ይቃጠላል፤ ቅጠሉ እንዲለቅ ነው። ቆራጩ በማግስቱ ጥላሸት ውስጥ ይገባል። ጎንበስ ብሎ ከሥሩ ይመታል፣ ቀና ብሎ ጫፉን ይቀላል፣ ይጥላል። ደግሞ ጎንበስ። ማታ ሲወጣ ከጥርሱና ከዓይኑ በቀር የሚነጣ የለውም።

ነጭ ጥርስ ግን ለልጆቹ አልተረፈም። የወንጂን ታሪክ ባሰብኩ ቁጥር እዚህ ላይ እቆማለሁ። የስምጥ ሸለቆ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ ይበዛበታል። ሠራተኛውና ልጆቹ የሚጠጡት ያንን ውኃ ነበር። መጀመሪያ የልጆቹ ጥርስ ቡናማ ሆነ። ያንን ውኃ ከአሥር ዓመት በላይ የጠጡት ደግሞ አጥንታቸው ተያዘ። አንገቱ የማይዞር፣ ወገቡ የማይቀና ሰው በዛ። ሐኪሞች በኋላ ደጋግመው አጥንተውታል። ሰውየው ጉልበቱን ሸጦ ደመወዙን ተቀብሏል፤ አንገቱን ግን አልሸጠም ነበር። ለእኔ ሶሻሊስት መሆን የሚጀምረው እዚህ ነው። የስኳሩ ሒሳብ ሲዘጋ የዚያ ሰው አንገት በወጪ ዝርዝሩ ውስጥ የለም።

ታዲያ ሠራተኛው ዝም ብሎ ነበር? አልነበረም። ከጣሊያን መውጣት በኋላ ድሬዳዋ ላይ የምድር ባቡር ሠራተኞች ማኅበር ለማቋቋም ተነስተዋል። ሕጉ ገና ማኅበር በማያውቅበት ጊዜ በየፋብሪካው ሠራተኛው በእድር ስም ይሰበሰብ ነበር። ይህ በጣም ደስ ይለኛል። እድር ማንም አይከለክልም። ሰው ሞቶ መቅበር አይከለከልም። ድንኳኑ ሥር፣ ንፍሮው እየተበላ፣ ስለ ደመወዝ ይወራል፤ ስለ ካፖው ስድብ ይወራል፤ እጁ ማሽን ውስጥ ገብቶ ካሳ ስላላገኘው ልጅ ይወራል። የሠራተኛ ማኅበርን ሐሳብ ፈረንጅ አመጣው፣ ተማሪ አመጣው የሚሉ አሉ። ተማሪዎቹ በ1957 «መሬት ለአራሹ» ብለው ከመውጣታቸው በፊት የእነዚህ ሰዎች እድር ነበረ።

መንግሥት በመጨረሻ ፈቀደ። የ1953ቱ የታኅሣሥ ግርግር፣ ማለትም የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ፣ ዙፋኑን አስደንግጦታል። በ1955 የኢትዮጵያ ሠራተኞች አንድነት ማኅበር፣ በአጭሩ ኢሠአማ፣ ተመሠረተ። የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት አብርሃም መኮንን ከወንጂ የመጣ ነበር። በ1956 አዋጅ ቁጥር 210 ወጣ። የመንግሥት ሠራተኛ ግን ከአዋጁ ውጭ ነበር፤ አብዛኛው የእርሻ ሠራተኛም እንደዚሁ።

ወደ 1966 ልዝለል። የካቲት ላይ የነዳጅ ዋጋ ጨመረ፤ ታክሲዎች ቆሙ፤ መምህራን ቆሙ፤ ወታደሩ አመፀ፤ የአክሊሉ ካቢኔ ወረደ። የካቲት 28 ቀን ኢሠአማ አጠቃላይ የሥራ ማቆም አድማ ጠራ። በአገሪቱ ታሪክ የመጀመሪያው ነው። እስከ መጋቢት 2 ቆየ። የጠየቁት የደመወዝ ወለል፣ ጡረታና የአሠሪና ሠራተኛ ሕጉ መሻሻል ነበር፤ ሌሎችም ነበሩበት። አዲሱ ጠቅላይ ሚኒስትር እንዳልካቸው መኮንን ተደራደሩ። ማኅበር ያልተፈቀደለት የመንግሥት ሠራተኛ ይህን አይቶ እሱም ቆመ። ቀሳውስት ሳይቀሩ የደመወዝ ጥያቄ አነሱ። በእነዚያ ወራት አገሩ ሁሉ ስለ ቁናው ይጠይቅ ነበር።

ከዚህ በኋላ ያለውን ለመናገር ይከብደኛል። ሶሻሊስት ነኝ የሚል ሰው ግን ሊያልፈው አይገባም።

ደርግ መስከረም 2 ቀን 1967 ንጉሡን አወረደ። ኢሠአማ በዚያው ሰሞን የሕዝብ መንግሥት ይቋቋም ብሎ ወሰነ። መሪዎቹ፣ ፕሬዚዳንቱ በየነ ሰሎሞንን ጨምሮ፣ ወዲያው ታሰሩ። ሦስት ወር ያህል ቆይቶ ኢትዮጵያ ሶሻሊስት ናት ተባለ። ጥር 1967 ላይ 72 ድርጅቶች ሙሉ በሙሉ ተወረሱ፤ 29 ላይ መንግሥት አብላጫውን ድርሻ ያዘ። ወንጂም ተወረሰች። ሠራተኛው ጨፈረ፤ በእርግጥ ጨፈረ። ፋብሪካው የእኔ ሆነ ብሎ ነው።

የእሱ አልሆነም። ፈረንጁ ከወንበሩ ተነሳ፣ የመንግሥት ሹም ተቀመጠ። አገዳው እንደ በፊቱ ይቃጠላል። ቆራጩ እንደ በፊቱ ጎንበስ ይላል። ምን ይመረት፣ ስንት ይከፈል፣ ትርፉ ወዴት ይሂድ የሚለውን የሚወስነው ሌላ ሰው ነው።

ይህን ጮክ ብለው ሲናገሩ ምን ሆኑ? መስከረም 1968 ላይ ኢሠአማ የዴሞክራሲ መብት ጠየቀ፤ ካልሆነ አድማ እንጠራለን አለ። አዲስ አበባ አውሮፕላን ማረፊያ ሠራተኞች የማኅበሩን ወረቀት ሲያድሉ ወታደር ተኮሰባቸው። ሰባት ሰው ሞተ። ወረቀት ይዘው ነበር። በቀናት ውስጥ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ታወጀ፤ ኢሠአማ ፈረሰ። በዚያው ዓመት የወጣው አዋጅ ቁጥር 64 አድማን የማይቻል አደረገው። ሶሻሊስት ነኝ ያለ መንግሥት አገሪቱ የነበራትን አንድ ነፃ የሠራተኛ ድርጅት አፈረሰ።

በቦታው መኢሠማ፣ የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማኅበር፣ ጥር 1969 ላይ ተቋቋመ። ሊቀ መንበሩ ቴዎድሮስ በቀለ ሁለት ወር ሳይሞላው ተገደለ። የኢሠአማው መሪ ማርቆስ ሐጎስም በዚያ ዘመን ተገደለ። አንዱ በአንዱ ወገን፣ አንዱ በሌላው ወገን ጥይት ነው የሞተው። ሁለቱም ሠራተኛውን እንወክላለን ብለው የቆሙ ሰዎች ነበሩ። እኔ አንዱን ብቻ የማለቅስ ሰው አይደለሁም።

ከዚያ ሚያዝያ 21 ቀን 1969 መጣ። ሜይዴይ ሊሆን ሁለት ቀን ቀርቶት ነበር። በአዲስ አበባ ለሰልፍ የተሰበሰቡ ወጣቶች በዚያች ሌሊት በመቶዎች ተጨፈጨፉ። ሬሳ ለመውሰድ የጥይት ዋጋ የተጠየቁ እናቶች ታሪክ በዚያ ዘመን ከብዙ ቤት ተሰምቷል። በሁለተኛው ቀን ቀይ ባንዲራ ተሰቅሎ የሠራተኛው ቀን ተከበረ። ነገ በዓሉን ስናከብር እነዚያን ልጆች አብረን እንድናስባቸው እለምናችኋለሁ። እድሜያቸው የእናንተ ነበር።

ከዚህ ሁሉ እኔ የያዝኩት ነገር ይህ ነው። ፋብሪካውን ከባለሀብት ወስዶ ለመንግሥት መስጠት ብቻውን ሶሻሊዝም አይሆንም። ማርክስ ራሱ በ1864 እ.ኤ.አ. የዓለም አቀፉን የሠራተኞች ማኅበር ደንብ ሲጽፍ መጀመሪያ ያሰፈረው የሠራተኛው ነፃ መውጣት የሠራተኛው የራሱ ሥራ እንደሆነ ነው። የእኛ አገር አብዮተኞች ይህን ዓረፍተ ነገር በቃላቸው ያውቁታል። ሠራተኛው በራሱ አፍ ሲናገር ግን መስማት አልቻሉም።

ደርግ ሲወድቅስ ነገሩ ተለወጠ? የሚወረሰው ቀርቶ የሚሸጠው መጣ። መንግሥት ፋብሪካዎችን ወደ ግል ማዞር ሲጀምር፣ ሠራተኛ ሲቀነስ፣ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽኑ ኢሠማኮ ተቃወመ። በ1987 ምዝገባው ተሰረዘ። የመምህራን ማኅበሩ ፕሬዚዳንት ዶክተር ታዬ ወልደ ሰማያት ወደ ስድስት ዓመት ታሰሩ። ከማኅበሩ መሪዎች አንዱ የነበሩት አሰፋ ማሩ ሚያዝያ 30 ቀን 1989 በፖሊስ ጥይት አዲስ አበባ መንገድ ላይ ተገደሉ። ዙፋኑም፣ ቀዩም፣ ገበያውም አንድ ነገር ላይ ተስማምተዋል። ማኅበር ይኑር፣ ግን የእኛ ይሁን።

አሁን ወደ እናንተ ዘመን።

በ2008 ክረምት የሐዋሳ ኢንዱስትሪ ፓርክ ተመረቀ። ባለሀብት ሲጠራ የሚነገረው አንዱ ማባበያ የጉልበታችን ርካሽነት ነበር። የኒውዮርክ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2011 ባወጡት ጥናት የመነሻ ደመወዙ በወር 26 ዶላር ነበር። ካነጻጸሯቸው ልብስ ሰፊ አገሮች ሁሉ ዝቅተኛው ነበር። ያው ጥናት ሠራተኛው በብዛት እየለቀቀ እንደሚሄድ ጻፈ። አሠሪዎች ይህን የሥራ ባህል ማጣት ይሉታል። እኔ እንዲህ አላየውም። ማኅበር የሌላት ልጅ፣ ደመወዟ የቤት ኪራይና ምግብ የማይሸፍንላት ልጅ፣ የምታውቀው አድማ ይህ ነው። ሻንጣዋን ይዛ ትሄዳለች።

በ2014 አሜሪካ በሰሜኑ ጦርነት ምክንያት አገራችንን ከአጎዋ፣ ዕቃችን ያለ ቀረጥ አሜሪካ ከሚገባበት የንግድ ዕድል፣ አስወጣች። ትእዛዝ ተሰረዘ፤ ፋብሪካ ተዘጋ። ጦርነቱን ያልወሰኑት፣ ንግዱንም ያልተደራደሩት ልጆች ናቸው ወደየገጠራቸው የተመለሱት።

የ2011ዱ አዋጅ ቁጥር 1156 የደመወዝ ቦርድ ይቋቋማል ይላል። በ1966 የተጠየቀው የደመወዝ ወለል ነው፤ ስንት ዓመት እንዳለፈ አስሉት። ያው አዋጅ የቤት ሠራተኛዋን ከውስጡ አወጣት፤ ሌላ ደንብ ይወጣላታል ብሎ ተዋት። ቤይሩት ወይም ሪያድ ያለች እህታችን በከፋላ ሥርዓት፣ ሠራተኛዋን ከአሠሪዋ ጋር በሚያስረው ሥርዓት፣ ፓስፖርቷ ሲያዝ እንቆጣለን፤ መቆጣትም አለብን። እዚህ በእኛው ቤት ከንጋት እስከ እኩለ ሌሊት የምትቆመዋንስ? የሠራተኛ መብት ስንል ወጥ ቤት ውስጥ ያለችውን ካልቆጠርን እኛም ቁና ይዘን የቆምን የጌታው ሰዎች ነን።

አሁን አንድ ነገር ላሳያችሁና ልቀመጥ።

አምና በአንድ የልብስ ፋብሪካ የምትሠራ ልጅ ቤት ሄጄ ነበር። የፋብሪካውንም የከተማውንም ስም አልጠራም፤ ልጅቷ አሁንም እዚያው ናት። አራት ሆነው አንዲት ክፍል ተከራይተዋል። ፍራሽ ሁለት ነው፤ የቀን ሽፍትና የማታ ሽፍት ስለሆኑ ይፈራረቁበታል። ቡና አፍልተው ስንጠጣ የእቁባቸውን ደብተር አወጣች። ሃያ ሦስት ስም አለበት። በየሳምንቱ የከፈለ ምልክት ይደረግለታል። አንዷ ስትታመም ሌሎቹ ስለ እሷ እንደከፈሉ በቀይ ተጽፏል።

«ገልብጠውና የኋላውን ገጽ እይ» አለችኝ።

ገለበጥኩት። የኋላው ገጽ ላይ በእርሳስ በመስመር የተከፋፈለ ሠንጠረዥ አለ። በየመስመሩ እያንዳንዷ በቀን ስንት ልብስ እንደሰፋች ተመዝግቧል። ሦስት ወር ሙሉ ቆጥረዋል። ከጎኑ ከመለያው ላይ አይተው የጻፉት የአንዱ ልብስ ዋጋ አለ፣ በዶላር። ከሱ በታች የወር ደመወዛቸው። ማካፈሉን ገና አልጨረሱትም ነበር፤ ስልኳን ሰጠችኝና «ካልኩሌተሩ እዚህ ጋ ነው፣ እስቲ አብረን እንሥራው» አለችኝ።